ከሥራ ሳይለቁ የጎልማሶች ትምህርት አመራር ዶክትሬት፦ ጎንደር ሆኖ ያዋጣል ወይ?

ደምቢያዊት፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የምሠራው ጎንደር ነው፤ ዞን ትምህርት መምሪያ፣ የጎልማሶችና መደበኛ ያልሆነ ትምህርት ክትትል ላይ። ማስተርሴም በዚሁ ዘርፍ ነው። በጎልማሶች ትምህርት አመራር ዶክትሬት መቀጠል እፈልጋለሁ፤ ግን ሥራ መልቀቅ አይታሰብም፣ የሙሉ ጊዜ ስፖንሰርም የለም። ስለዚህ ያለው አማራጭ የትርፍ ሰዓት ብቻ ነው።

ግራ ያጋቡኝ ነገሮች እነዚህ ናቸው። የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች «ኤድዲ» (የትምህርት ዶክትሬት) እና «ፒኤችዲ» ብለው ለይተው ያስቀምጣሉ፤ ለእኔ ዓይነቱ ሰው የቱ ይሻላል? «ለሠራተኞች የተዘጋጀ» የሚሉት መርሐ ግብር ከእኛ የሥራ ዘመን ጋር ይገጥማል ወይ? በሳምንት ስንት ሰዓት ይበላል? ወረቀቱስ ሲመጣ እዚህ ይቆጠራል? ጥናቱን በራሴ ዞን ብሠራ ችግር አለው?

«በርቺ፣ ይቻላል» የሚለውን ቤተሰብም ይለኛል። ከእናንተ የምፈልገው ዝርዝሩን ነው።

ቀለም ቀንድ፦

ሰላም እኅቴ። ከኤድዲና ከፒኤችዲ ልጀምር። ሁለቱም ዶክትሬት ናቸው፤ የሚለያዩት ተማሪው በመጨረሻ በሚያስረክበው ሥራ ነው። ፒኤችዲ የሚነሣው በዘርፉ እውቀት ላይ ካለ ክፍተት ነው። ኤድዲ የሚነሣው መሥሪያ ቤት ውስጥ ካለ፣ ስም ካለው ችግር ነው፤ መጨረሻውም ችግሩ ለምን እንደማይፈታ በማስረጃ ማሳየትና የመፍትሔ ሙከራን መመዘን ነው። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2007 የካርኔጊ የትምህርት ዶክትሬት ፕሮጀክት የሚባል የትምህርት ኮሌጆች ኅብረት ተቋቁሞ ኤድዲን በዚህ መልክ ለመቅረጽ ሲሠራ ቆይቷል። ሁሉም ቤት ግን ይህን አልተከተለም። አንዳንዱ ጋ ኤድዲው ስሙ ብቻ ተለውጦ ያው ፒኤችዲ ነው። ለማወቅ ቀላሉ መንገድ ከዚያ ኮሌጅ በቅርብ የወጡ አምስት ስድስት የመመረቂያ ጽሑፎችን አውርዶ የመጀመሪያውን ምዕራፍ ማንበብ ነው። የማስታወቂያ ገጹ የማይነግርሽን እነሱ ይነግሩሻል።

ለአንቺ የቱ ይሻላል ላልሽው፣ መድረሻሽ ይወስነዋል። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ማስተማር ከታሰበ ፒኤችዲ ያዢ፤ እዚህ አገር የመምህራን ቅጥር ማስታወቂያ በአብዛኛው «ፒኤችዲ» ብሎ ነው የሚወጣው፣ ኤድዲ ይዞ የቀረበ ሰው ማስረዳት ይጠበቅበታል። በቢሮ፣ በመምሪያ ወይም በግብረ ሠናይ ድርጅት መቆየት ከሆነ ግን ኤድዲው ከሥራሽ ጋር አይጣላም፤ የቀን ሥራሽ ራሱ የጥናቱ ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

አሁን ወደ አሠራሩ። የትርፍ ሰዓት ዶክትሬት ብዙውን ጊዜ አራት ክፍል አለው፦ ኮርስ፣ የብቃት ፈተና፣ ፕሮፖዛል፣ ጥናቱና በፈታኞች ፊት መከላከሉ። አሜሪካ ውስጥ ከማስተርስ በኋላ ከ48 እስከ 60 ክሬዲት የሚጠይቁ ብዙ ናቸው። በጎልማሶች ትምህርት አመራር ኮርሶቹ የጎልማሶች አማማር ንድፈ ሐሳብ፣ የድርጅት አመራርና ለውጥ፣ የትምህርት ፖሊሲ፣ የፕሮግራም ግምገማ፣ እንዲሁም ዓይነታዊና መጠናዊ የምርምር ዘዴ ናቸው። የሚታወቀው ምሳሌ በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ቲቸርስ ኮሌጅ ያለው ኤጂስ የሚባለው የዶክትሬት መርሐ ግብር ነው። የጎልማሶች ትምህርት ምሁሩ ጃክ ሜዚሮው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የመሠረተው ሲሆን፣ ሥራ ላይ ያሉ ሰዎችን በአንድ ቡድን አስገብቶ በሳምንት መጨረሻና በክረምት በተጠናከሩ ክፍሎች ያስተምራል። ሌሎች ብዙዎች የዚህ ቅርጽ ዘመዶች ናቸው፤ ቡድኑ አብሮ ይገባል፣ ኮርሱን አብሮ ይጨርሳል።

ሰዓቱን አስሊው። በአሜሪካ ስሌት አንድ ክሬዲት በሳምንት አንድ ሰዓት ክፍልና ሁለት ሰዓት የቤት ሥራ ነው። ባለ 3 ክሬዲት ኮርስ 9 ሰዓት፣ ሁለት ኮርስ 18 ሰዓት ማለት ነው። በእኛ ዩኒቨርሲቲዎች በኢሲቲኤስ (ከአውሮፓ በመጣው የክሬዲት አቆጣጠር) ብታሰሊውም ሩቅ አይደለም፤ አንድ ኢሲቲኤስ ከ25 እስከ 30 ሰዓት ሥራ ነው፣ ባለ 5 ኮርስ ከ125 እስከ 150 ሰዓት ይሆናል፣ በ16 ሳምንት ሲካፈል 8 ወይም 9 ሰዓት። እንግዲህ በሥራ ቀን ማታ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ቅዳሜና እሁድ አራት አራት ሰዓት ማለት ነው። መስክ የምትወጪ ከሆነ የሥራ ቀኖቹን ግማሽ ቀንሺና በአንድ ወሰነ ትምህርት አንድ ኮርስ ብቻ ውሰጂ፤ ሁለት እያስገደደ የሚሄድ መርሐ ግብር ከሆነ ከመግባትሽ በፊት ይታወቅ።

የሥራ ዘመን ግጭቱ እውነት ነው። የእነሱ የተጠናከረ ክረምት ሰኔና ሐምሌ ላይ ይወድቃል። ሰኔ ለመምሪያ ሰው የበጀት መዝጊያና የዓመት ሪፖርት ነው፣ ፈተናም አለ፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ አዲሱ በጀት ይከፈታል። የመኸር ወሰነ ትምህርታቸው በነሐሴ መጨረሻ ሲጀምር እዚህ የምዝገባ ንቅናቄ ነው። የዓመት ፈቃድሽን ለየትኛው እንደምታስቀምጪ አሁኑኑ አስቢበት፣ አለቃሽም በጽሑፍ ይወቀው።

የሰዓት ልዩነቱም ይታሰብ። በምሥራቅ አሜሪካ ከምሽቱ 6 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር) የሚጀምር የኢንተርኔት ክፍል ጎንደር ላይ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው፤ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ እነሱ ሰዓታቸውን ስለሚመልሱ ከሌሊቱ 8 ይሆናል። ይህን በሳምንት ሁለት ቀን ለሦስት ዓመት የሚችል ሰው ጥቂት ነው። የቅዳሜ ክፍል ያለው ግን ከጠዋቱ 9 እስከ 5 በእነሱ፣ ከቀኑ 10 እስከ ሌሊቱ 6 በእኛ ነው፤ ያስኬዳል። እንግሊዝ በሁለት ወይም በሦስት ሰዓት፣ ደቡብ አፍሪካ በአንድ ሰዓት ብቻ ነው የሚለየን።

ሰው የሚወድቀው ግን ኮርስ ላይ አይደለም። ኮርስ ቀን አለው፣ መምህር አለው፣ ጓደኛ አለው። ኮርሱ ያለቀ ዕለት የሚጠይቅሽ ሰው ይጠፋል፤ ሥራው ደግሞ በየቀኑ ይጠይቅሻል። ስለዚህ መርሐ ግብር ስትመርጪ የኮርሱን ዝርዝር ትተሽ «ኮርስ የጨረሰ ተማሪ እንዴት ይያዛል?» ብለሽ ጠይቂ። ፕሮፖዛል የሚቀርብበት የመጨረሻ ቀን አለ? የጽሑፍ ሴሚናር በየወሩ ይቀጥላል? ካለፈው ቡድን ስንቱ ገባ፣ ስንቱ ጨረሰ? ለዚህ ቁጥር የማይሰጥ ቤት ተጠርጣሪ ነው።

ሰነድ አጣሪ፦

ቀለም ቀንድ የትምህርቱን ጎን ብሎታል፤ እኔ በወረቀቱ በኩል ልምጣ።

አገር ውስጥ ከሆነ በመጀመሪያ አገር አቀፉን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ለማስተርስም ለዶክትሬትም ይጠየቃል፤ በኮምፒውተር ነው የሚሰጠው። ፈተናውን ያለፈ ሰው ከዚያ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሄዶ የራሱን መስፈርት ያሟላል፤ የትምህርት ክፍሉ ፈተና ወይም ቃለ መጠይቅ፣ የጥናት ሐሳብ መግለጫ፣ የድጋፍ ደብዳቤዎች፣ ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ ደጅሽ ነው፣ ባሕር ዳርም 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ባሕር ዳር በጎልማሶች ትምህርት የቆየ ትምህርት ክፍል ያለው ቤት ስለሆነ አማካሪ የማግኘት ዕድሉ ጥሩ ነው። ነገር ግን አንድ ዘርፍ በዶክትሬት ደረጃ በየዓመቱ ላይከፈት ይችላል፤ የዚያን ዓመት የቅበላ ማስታወቂያ ሳያዩ መዘጋጀት ድካም ነው። የትርፍ ሰዓት ይቀበሉ እንደሆነ፣ ኮርሱ በሥራ ቀን ይሁን በሳምንት መጨረሻ፣ ከትምህርት ክፍሉ ኃላፊ አፍ ሳይሆን ከሬጅስትራር በጽሑፍ ይወሰድ። ኮርሱ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት የሆነ «የትርፍ ሰዓት» አለ።

ሌላው መንገድ የደቡብ አፍሪካው ዩኒሳ ነው፤ አቃቂ ላይ ማዕከል አለው፣ በርቀት ነው፣ ዶክትሬቱ በጥናት ብቻ ነው። ኮርስ የለም ማለት ለብቻሽ ነሽ ማለት ነው። በመጀመሪያ ፕሮፖዛሉን ታጸድቂያለሽ፣ ከዚያ በየዓመቱ እንደገና መመዝገብና መክፈል አለ። በዘዴ ኮርስ ጠንካራ ለሆነና ርእሱ ለበሰለለት ሰው ርካሽና ነፃ ነው። ርእሱ ገና ጭጋግ ለሆነበት ግን ዓመቶቹ በፕሮፖዛል ያልቃሉ።

የውጭ ዲግሪ ከሆነ የአቻ ግምት የሚሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ሰው የሚሳሳተው ይህን ተመርቆ ሲመጣ ማሰቡ ላይ ነው። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ሦስት ነገር ይጣራ። ተቋሙ በራሱ አገር እውቅና አለው? አሜሪካ ከሆነ እውቅና ሰጪው ድርጅት ራሱ በአሜሪካ የትምህርት መሥሪያ ቤት ወይም የከፍተኛ ትምህርት እውቅና ምክር ቤት በሆነው በቼያ መታወቅ አለበት፤ «ዓለም አቀፍ እውቅና አለን» የሚል ማኅተም ብቻ ምንም አይደለም። መርሐ ግብሩ ሙሉ በሙሉ በኢንተርኔት ከሆነ ባለሥልጣኑ እንዴት እንደሚያየው አስቀድሞ ደብዳቤ ጽፎ መልስ መያዝ ነው፣ በቃል የተነገረ መልስ ከአምስት ዓመት በኋላ አይገኝም። ሦስተኛ፣ «የሥራ ልምድዎን ወደ ዶክትሬት እንለውጣለን» የሚል ካለ በዚያው ይዘጋ፤ ወረቀት መሸጥ ነው።

ሰነድ ላይ የሚያሰናክለው የስም አጻጻፍ ነው። በትራንስክሪፕት በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርት ሌላ ዓይነት ከተጻፈ የውጭው ሬጅስትራር ሁለት ሰው አድርጎ ያየዋል። ከማመልከቱ በፊት አንዱን ማስተካከል ወይም የፍርድ ቤት ማረጋገጫ መያዝ ይሻላል። የምረቃ ዓመትም በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተጽፎ ከሆነ በፈረንጆቹ ይለወጥ፤ ሳይለወጥ ሲቀር ከሥራ ልምድ ደብዳቤው ጋር የሰባት ወይም የስምንት ዓመት ልዩነት ይፈጥራል። ትራንስክሪፕቱ ደግሞ በእጅ የሚሰጥ አይደለም፤ ሬጅስትራሩ አሽጎ ወይም በራሱ ኢሜይል ይልካል፣ ይህ ከአንድ ወር በላይ ሊፈጅ ስለሚችል ከማመልከቻው ቀነ ገደብ ሁለት ወር ቀድሞ ይጠየቅ።

ገንዘቡን በምሳሌ ላሳይ። በክሬዲት 600 ዶላር የሚያስከፍል ቤት በ54 ክሬዲት 32,400 ዶላር ነው፤ በዚያ ላይ የቴክኖሎጂ፣ የምዝገባና «ቀጣይ ምዝገባ» የሚሉት ክፍያ አለ። ይህ የመጨረሻው፣ የመመረቂያ ጽሑፉ እስኪያልቅ ድረስ በየወሰነ ትምህርቱ የሚከፈል ነው፤ አንድ ዓመት መዘግየት ስንት እንደሚያስወጣ ከመጀመሪያው ይጠየቅ። ብር በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ ዛሬ በብር የተሠራ በጀት ለሚቀጥለው ዓመት አይሠራም። ባንክ የቅበላ ደብዳቤና የክፍያ መጠየቂያ ይፈልጋል፤ የክፍያው ቀን ሲደርስ መሯሯጥ ኮርስ ያስጥላል።

አንድ የመጨረሻ። መሥሪያ ቤቱ በከፊልም ቢሆን ካገዘሽ የትምህርት ውሉን በጥንቃቄ አንብቢ። የአገልግሎት ግዴታው የሚቆጠረው ከምረቃ ነው ወይስ ከኮርስ መጨረሻ? ቦታ ብትቀይሪ ዋሱ ምን ይሆናል? ሳይጨረስ ቢቀር የሚመለሰው ምን ያህል ነው? እነዚህ በውሉ ላይ ካልሰፈሩ ይስፈሩ።

የአዘዞ ልጅ፦

እረ አንድ ያልተነሣ ነገር አለ። ደመወዝ። በነጥብ የሥራ ምዘናው ደመወዝ የሚከፈለው ለመደቡ ነው፣ ለሰውየው ዲግሪ አይደለም። የመደቡ መስፈርት ማስተርስ ከሆነ ዶክትሬት ይዞ መምጣት በራሱ ደረጃ አያስጨምርም። ስለዚህ «ወጪውን በደመወዝ እመልሳለሁ» የሚለው ሒሳብ በመምሪያ ውስጥ አይሠራም፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይም ወደ ድርጅት መሻገር ካልታሰበ በቀር። ለእውቀቱ ከሆነ ሌላ ነው፣ ያኔ ርካሹን መምረጥ።

ስለ አማካሪም ልጨምር። ሰው ስም ያለውን ፕሮፌሰር ያሳድዳል። ስም ያለው ሰው ብዙ ተማሪ አለበት፣ ብዙ ኮሚቴ አለበት። የሚጠየቀው «አሁን ስንት የዶክትሬት ተማሪ ያማክራሉ?» እና «የተላከልዎትን ምዕራፍ በስንት ሳምንት ይመልሳሉ?» ነው። ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት ጤናማ ነው። አንዱ አማካሪ በዘርፉ፣ ሌላው በምርምር ዘዴ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ሁለቱም በአንድ ነገር የበረቱ ከሆኑ በሌላው በኩል የፈተና ዕለት ትጋለጫለሽ። በየወሩ አንድ ገጽ ይላክላቸው፤ የተሠራው፣ የቆመው፣ የሚጠየቀው። ምንም ባልተሠራበት ወርም ቢሆን ይላክ። ዝምታው አንድ ጊዜ ከጀመረ እያፈሩ ስለሚሄዱ ይረዝማል።

ደምቢያዊት፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ በተለይ የሰዓቱና የውሉ ነገር ዓይን ገላጭ ነው። ርእስ ያሰብኩት «በማዕከላዊ ጎንደር ዞን የተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት አተገባበር ተግዳሮቶችና መልካም ዕድሎች» ነው። አመቻቾቹን (ጎልማሶቹን የሚያስተምሩትን) እና የወረዳ ባለሙያዎችን አውቃቸዋለሁ፣ መረጃ አይቸግረኝም። እንዴት ታዩታላችሁ?

ጃንተከል፦

በመጀመሪያ «ተግዳሮቶችና መልካም ዕድሎች» ይውጣ። በዚህ አገር በዚህ ርእስ ያልተጻፈበት ነገር የለም፣ መልሱም አስቀድሞ ይታወቃል፤ በጀት የለም፣ ቅንጅት የለም፣ የአመቻቾች አበል አነስተኛ ነው፣ ተማሪው ያቋርጣል። ይህን ለማግኘት ዶክትሬት አያስፈልግም፣ የመምሪያው የሩብ ዓመት ሪፖርት ይበቃል።

የአመራር ዶክትሬት ነው ካልሽ ጥያቄው አመራሩ ላይ ይሁን። የተቀናጀ ተግባር ተኮር ትምህርት፣ ማለትም ፊደልን ከዕለት ሥራ ጋር አያይዞ ማስተማር፣ ከአሠራሩ የአንድ መሥሪያ ቤት አይደለም፤ ትምህርት፣ ግብርና፣ ጤና፣ ሴቶች ጉዳይ አንድ ላይ እንዲመሩት ነው የታሰበው። ወረዳ ላይ ቴክኒክ ኮሚቴ አለ። እንግዲህ ጥያቄው፦ ኮሚቴው በወረቀት ባለበት ወረዳ ሁሉ ለምን አንዱ ጋ ይሰበሰባል፣ ሌላው ጋ አይሰበሰብም? ማን ይጠራዋል? ቃለ ጉባኤው ላይ የተወሰነው ቀበሌ ደርሶ ምን ይሆናል? አንድ የሚሠራና አንድ የማይሠራ ወረዳ፣ ለምሳሌ ከደምቢያና ከወገራ አካባቢ፣ ተመርጦ በጥልቀት ቢታይ ከአሥራ አምስት ወረዳ መጠይቅ ይበልጣል። ቃለ ጉባኤ፣ የድጋፍ ክትትል ቅጽ፣ የበጀት ደብዳቤ፣ እነዚህ ሁሉ ሰነድ ናቸው፤ ሰነድ ደግሞ ለጠያቂው ደስ የሚለውን አይናገርም።

ከዚሁ ጋር፣ ንድፈ ሐሳብ ለማስዋቢያ አይጠቀስ። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የጎልማሶች ትምህርት ሊቃውንቱ ኖውልስ፣ ፍሬሬ፣ ሜዚሮው ተሰልፈው አራተኛው ምዕራፍ ላይ አንዳቸውም የማይታዩባቸው ጽሑፎች ሞልተዋል። የሜዚሮው ሐሳብ የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ወደ ኮሌጅ የተመለሱ አሜሪካውያን ሴቶችን በማጥናት ነው፤ ስለ ተማሪው የአስተሳሰብ ለውጥ ነው የሚናገረው። ስለ ኮሚቴ አመራር ጥናት አይሸከመውም። ጥያቄሽ ቅንጅት ከሆነ የተቋማት ትብብርና የፖሊሲ አፈጻጸም ንድፈ ሐሳብ ፈልጊ።

አሁን «አውቃቸዋለሁ፣ መረጃ አይቸግረኝም» ያልሽው ጋ ልምጣ፤ ትልቁ አደጋ እዚያ ነው ያለው። አንቺ የምትከታተያቸው ሰዎች «አልሳተፍም» ሊሉሽ አይችሉም። ቢሳተፉም የሚነግሩሽ ለመምሪያ የሚነገረውን ነው። ጥናቱን የሚፈቅደው የዩኒቨርሲቲው የሥነ ምግባር ኮሚቴ መጀመሪያ የሚያየው ይህን ነው። መውጫ መንገዶች አሉ። አንዱ ከምትከታተያቸው ወረዳዎች ውጭ መሥራት፤ ዞኑ ያንቺው ከሆነ ሌላ ዞን፣ ሰሜን ጎንደር ወይም ደቡብ ጎንደር። ሁለተኛው የተሳታፊ ጥሪውንና ፈቃዱን ሌላ ሰው እንዲሠራ ማድረግ፤ ከመምሪያው ጋር የማይገናኝ፣ በቋንቋውና በአካባቢው የሚታመን። ማን እንደተሳተፈና ማን እንደተወ አንቺ ላታውቂ ይገባል። ሦስተኛ፣ መስክ ስትወጪ በመሥሪያ ቤቱ መኪና አትሂጂ። ትንሽ ይመስላል፣ ግን መኪናው ላይ የተጻፈው ስም ቃለ መጠይቁን ያበላሸዋል።

የውጭ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከሆንሽ ፈቃድ ከሁለት ወገን ነው። ኮሌጁ የራሱ ኮሚቴ አለው፣ ሲቲ (CITI) የሚባለውን የሥነ ምግባር ሥልጠና በኢንተርኔት ጨርሰሽ እንድታቀርቢ ብዙ ቦታ ይጠየቃል፤ እዚህ ደግሞ ከአገር ውስጥ ፈቃድ ይፈለጋል። ከዚያ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ቀበሌ የትብብር ደብዳቤ ይወርዳል። ለሁሉም ሦስት ወር ያዢ። ፊደል ያልቆጠሩ ተሳታፊዎችና የበላይና የበታች ግንኙነት ያለበት ጥናት በአጭሩ የግምገማ መንገድ ላያልፍ ይችላል፤ ወደ ሙሉ ኮሚቴ ከሄደ ኮሚቴው በወር አንዴ ብቻ የሚሰበሰብ ሊሆን ይችላልና አንድ እርማት አንድ ወር ይበላል።

ቁጥር ላይ። በጥልቅ ቃለ መጠይቅ ከ15 እስከ 25 ሰው ለሁለት ወረዳ ይበቃል፤ አዲስ ነገር መምጣቱን ሲያቆም ይቆማል፣ መቆሙን ግን በማስታወሻ ማሳየት አለብሽ። መጠይቅም ጨምሪ ካሉሽ የናሙና መጠን የሚያሰላው የያማኔ ቀመር ነው የተለመደው፦ 360 አመቻች ካሉ በ5 በመቶ ስሕተት 360 ለ1.9 (1 ሲደመር 360 ጊዜ 0.05 ጊዜ 0.05) ተካፍሎ 190 ይመጣል። ችግሩ ቀመሩ ሰዎቹ በእጣ አንድ በአንድ የተመረጡ ያህል ነው የሚያስበው። አንቺ ቀበሌ መርጠሽ ቀበሌው ውስጥ ያሉትን ሁሉ የምትወስጂ ከሆነ የአንድ ቀበሌ ሰዎች ስለሚመሳሰሉ 190ው እንደ 190 አይቆጠርም፤ ከፍ ማድረግና ፈታኙ ሲጠይቅ ምክንያቱን መናገር ነው።

ለጎልማሳ ተማሪዎች ባለ አምስት ደረጃ «በጣም እስማማለሁ… በጣም አልስማማም» አይሠራም። «እስማማለሁ» እና «በጣም እስማማለሁ» ላይ ሰው ይስቅብሻል፤ ከአክብሮትም ሁሉንም «አዎ» ይላል። ሦስት ደረጃ አድርጊው፣ ጠያቂው እያነበበ ይሙላ፣ ጥያቄው ስለ ስሜት ከሚሆን ስለ ድርጊት ይሁን፦ «ባለፈው ወር ስንት ቀን ተማሩ? የግብርና ባለሙያው መጥቶ ያውቃል?» መጠይቁን ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የተረጎመው ሰውና መልሶ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሰው ሰው የተለያዩ ይሁኑ። ሙከራው ከናሙናው ውጭ ባሉ ከ20 እስከ 30 ሰዎች ይደረግ።

ወቅቱን እንደ ገበሬው ቁጠሪ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ አጨዳና ውቂያ ነው፣ ማዕከሉ ቢከፈትም ሰው የለም። ሰኔና ሐምሌ ዘር ነው፤ ደምቢያ ላይ ክረምት ሲገፋ ጣናው ሜዳውን ስለሚሞላ መንገዱም ይቆረጣል። የጥምቀት ሰሞን ጎንደር ከተማ ቢሮ አይገኝም። የሚቀረው ከጥር መጨረሻ እስከ ግንቦት ነው። በዚያም ውስጥ ገበሬው ሞፈር የማይዝባቸው በዓላት፣ 12 ሚካኤል፣ 21 ማርያም፣ ቅዳሜና እሁድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሰው የሚገኝባቸው ናቸው። የገበያ ቀን አይሞከርም። ዕቅድሽ ላይ የመረጃ ስብሰባው ይህን መስኮት ካመለጠው ቀጣዩ ዓመት ነው፤ ስለዚህ የሥነ ምግባር ፈቃዱ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ እጅሽ ይግባ። መንገድ የሚዘጋበት ጊዜም ስላለ ለእያንዳንዱ ቀበሌ ተለዋጭ ቀበሌ በፕሮፖዛሉ ላይ አስመዝግቢ፤ በኋላ መቀየር እንደገና የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያስገባል።

ግልባጩን አትናቂው። 20 ቃለ መጠይቅ እያንዳንዱ 50 ደቂቃ ቢሆን 17 ሰዓት ድምፅ ነው። አንድ ሰዓት ድምፅ ለመገልበጥ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈልጋል፤ ከ85 እስከ 100 ሰዓት። በሳምንት 15 ሰዓት ለሚያገኝ ሰው ስድስት ሰባት ሳምንት። በማሽን የተገለበጠ አማርኛ የገጠሩን አነጋገር ስለሚያበላሽ መስመር በመስመር ካልታረመ አይታመንም። ሁሉን ወደ እንግሊዝኛ አትተርጉሚ፤ ትንተናው በአማርኛ ይሁን፣ በጽሑፉ የሚጠቀሱት ንግግሮች ብቻ ይተርጎሙ። ኮድ ከመስጠትሽ (ንግግሩን በጭብጥ ከመለየትሽ) በፊት ሆሄያቱን አንድ ዓይነት አድርጊ። አንዱ ቦታ «ሠራተኛ» ሌላው ቦታ «ሰራተኛ» ከተጻፈ ሶፍትዌሩ ሲፈልግ ግማሹን ይተወዋል።

ቀለም ቀንድ፦

ጃንተከል ባለው ላይ አንድ አልስማማም። ሌላ ዞን መሄድ ለፒኤችዲ ጥሩ ነው፤ ለኤድዲ ግን የራስን መሥሪያ ቤት ችግር መተው ነው፣ መርሐ ግብሩም ላይፈቅደው ይችላል። እዚያ የሚሻለው ደረጃውን መቀየር ነው። አመቻቾቹን አትጠይቂ፤ እኩዮችሽንና ከአንቺ በላይ ያሉትን ጠይቂ። የዞንና የወረዳ የግብርና፣ የጤና፣ የሴቶች ጉዳይ ኃላፊዎች ባንቺ ሥር አይደሉም፣ «አይ» ለማለት አይፈሩም። የቴክኒክ ኮሚቴው ጥያቄ ደግሞ የሚያርፈው እነሱው ላይ ነው።

ኢንተርኔትም ታስቦ ይግባ። ክልሉ ውስጥ የሞባይል ዳታ ለወራት ተዘግቶ ያውቃል። ክፍሉ ሁሉ በቀጥታ ስርጭት የሆነና መቅረትን እንደ መውደቅ የሚቆጥር መርሐ ግብር ለእዚህ ቦታ አይሆንም፤ የተቀዳ ትምህርት ተቀባይነት እንዳለው በጽሑፍ ጠይቂ። ጽሑፎችን በገባሽበት ዕለት አውርደሽ ዞቴሮ በሚባለው የጽሑፍ ማከማቻ ሶፍትዌር ላይ አስቀምጪ፣ ዞቴሮ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። የድምፅ ፋይሉ በሁለት የተቆለፉ ዲስኮች በሁለት ቤት ይቀመጥ፣ የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ በፍጹም አይገባ።

ኅትመት ከሚጠይቁ ቤቶች ከሆነ ደግሞ በሦስት ቀን «ተቀብለናል፣ ክፈሉ» የሚል መጽሔት ይቅርብሽ። ስኮፐስ በሚባለው ዓለም አቀፍ የመጽሔቶች መዝገብ ውስጥ መኖሩን ከመጽሔቱ ገጽ ሳይሆን ከስኮፐሱ ዝርዝር ላይ ተመልከቺ፣ ትምህርት ሚኒስቴር እውቅና የሰጣቸው የአገር ውስጥ መጽሔቶችም አሉ። ከመላክ እስከ መውጣት ዓመት ሊፈጅ ስለሚችል የመጀመሪያው ጽሑፍ ከሰነድ ትንተናው ክፍል ቶሎ ቢወጣ ጥሩ ነው።

ደምቢያዊት፦

የቴክኒክ ኮሚቴው ሐሳብ ገብቶኛል፣ ርእሱን በዚያ እቀይረዋለሁ። ኃላፊዎቹን ጠይቄ ከተማሪዎቹም ጥቂት ሴቶች ብጨምር፣ መፈረም የማይችሉት እንዴት ነው የሚደረጉት? ጣት ማስነካት ያስፈራቸዋል፤ የብድር ወይም የመሬት ወረቀት ይመስላቸዋል።

ጃንተከል፦

ልክ ነሽ፣ ያስፈራል። ሁለት አማራጭ አለ። የቃል ፈቃድን ከሥነ ምግባር ኮሚቴው አስፈቅዶ በድምፅ መቅዳት፤ መግለጫው በአማርኛ ይነበባል፣ እሷ «ተስማምቻለሁ» ትላለች፣ ቀኑ ይነገራል፣ ስሟ አይጠራም፣ በመለያ ቁጥር ትጠራለች። ወይም የጣት አሻራ ከምስክር ጋር፤ ምስክሩ ማንበብ የሚችል፣ ከጥናቱም ከቀበሌውም ያልሆነ ሰው፣ መግለጫው ሲነበብ አብሮ የሰማ መሆን አለበት። የቀበሌ ሊቀ መንበርን ምስክር ማድረግ የተለመደ ስሕተት ነው፤ እሱ ካለ ማንም አይከለክልም።

እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ኮሚቴው እንዲቀበለው ግን «ፊርማ ያለበት ወረቀት ራሱ ተሳታፊዋን የሚያጋልጥ ወይም የሚያስፈራ ብቸኛ ሰነድ ነው» የሚለውን ምክንያት በማመልከቻው ላይ በግልጽ ጻፊ፤ የሚነበበውን የአማርኛ መግለጫም ከአንድ ገጽ አታስበልጪ። ከሁለት ደቂቃ በላይ ከተነበበ መስማት ያቆማሉ። መግለጫውን በመጀመሪያ ለሁለት ሦስት ሰዎች አንብበሽ «ምን አልኩ?» ብለሽ ጠይቂ፤ «ማቋረጥ ይቻላል» የሚለውን መልሰው ካልነገሩሽ እንደገና ይጻፍ።